ከአንድ ቀንድ የጠጡት ተፎካካሪዎች

ውድ ልጄ ሲንፎሪያኖ፣

ይህን የምጽፍልህ በገዛ እጄ ነው። የመንደራችንን መምህርት ላስጽፍ አስቤ ነበር፤ ግን ሰሞኑን እንኳን ሰው፣ ጥላዬንም አላምን። ፊደሌ ቢወላገድ ቻለኝ።

የጋዙን ነገር በስልክ ስጀምርልህ «አባባ፣ በድንግል ይዤሃለሁ፣ ዝም በል! እንጀራዬ ከቀዩ ጋዝ ድርጅት ነው» ብለህ ዘጋህብኝ። ያየሁትን ግን አልሰማኸኝም።

እዚህ የቀዩ ጋዝ አከፋፋይ ሮሎን ነው፤ የማን ልጅ እንደሆንክ አያውቅም። የሰማያዊው ባሬይሮ ነው። ገበያ መሃል ሲሰዳደቡ አገር ይስቃል። «የእሱ ሲሊንደር ቤትህን ያነደዋል!» «የእሱ ግማሹ አየር ነው!» እኛ የደሴት ሰዎችም ሲጣሉ ዋጋ ይወርድልናል ብለን ጠበቅን። ከተማው ላይ ወረደ። እኛ ጋ ግን አንዱ በጨመረ ቀን ሌላውም ይጨምራል።

ባለፈው ሰኞ ሁለቱንም በጀልባዬ አሳፈርኳቸው። መሃል ወንዝ ስንደርስ ሮሎን የቴሬሬ ቅጠል ያለበትን ቀንድ ዋንጫ በቀዝቃዛ ውሃ ሞልቶ ለባሬይሮ አቀበለው። ከአንድ ቀንድ፣ በአንድ መምጠጫ! እናትህ፣ ነፍሷን ይማር፣ ከእህቷ ጋር ስትኳረፍ መጀመሪያ የደበቀችው መምጠጫዋን ነበር።

«ከተማው ባለበት ይቆይ» አለ ሮሎን። «እዚያ ከጨመርን ሰዉ ተሻግሮ ከአርጀንቲና ይገዛል።»

«ደሴቱስ?»

«የት ይሄዳል? ካሳቫውን በፀሐይ ይቀቅላ! አንተ ላይኛውን መንደር ያዝ፣ እኔ ታችኛውን፤ ዋጋችን አንድ።»

ተሳሳቁ። እኔን ከሞተሩ ለይተው አላዩኝም። ኋላ ግን ባሬይሮ ቀንዱን ዘረጋልኝ። «እንካ ጌታው ኤውሎሂዮ፣ ላንተም ነዳጅ አናጣም።»

አንዴ ሳብኩና «አመሰግናለሁ» ብዬ መለስኩለት። እኛ ዘንድ እንዲያ ያለ ሰው ዳግም እንደማይቀዳለት ታውቃለህ። ሳቁ ቆመ። ሮሎን ሲጋራውን ለኮሰና «ሽማግሌው ኩሩ ነው» አለ። «ጀልባው ግን እንጨት ነው።»

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ውሻ ሲጮህ ብድግ እላለሁ። የሞተር ድምፅ ስሰማ መብራቱን አጠፋለሁ።

ትናንት ከዋና ከተማው ከአሱንሲዮን የንግድ ውድድር መርማሪ ሴትዮ መጣች። ማንጎው ዛፍ ሥር ተቀምጣ ሁሉንም ጠየቀች። መንደሩ ሁሉ «አላየንም» አላት። እኔም እንዲሁ ብዬ ልሄድ ነበር። ጎረቤታችን እማማ ሴራፊና፣ ጋዙ ከተወደደባት ወዲህ በእርጥብ እንጨት ጭስ የምትታፈነው፣ ሳል ይዟት መልስ እንኳ መስጠት አቃታት። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያየሁትን በሙሉ ተናገርኩ።

«በሁለቱ ድርጅቶች የሚሠራ ልጅ ወይም ዘመድ አለዎት?» አለችኝ በመጨረሻ። የሮሎን ሰው ከኋላዋ ቆሞ ያዳምጣል።

ሳንጋባ ስለወለድንህ በእናትህ ስም መጠራትህ ዕድሜ ልኬን ሲያሳፍረኝ ኖሯል። ትናንት ግን እግዜርን አመሰገንኩበት።

«ልጅ የለኝም» አልኩ፣ ሰውየው እንዲሰማ ጮክ ብዬ። በእጇ ያሳደገችህ ሴራፊና አቀርቅራ ሳሏን ቀጠለች።

ጀልባው ተቃጠለ ቢሉህ አትምጣ። ከጀልባው ጋር እኔም ነበርኩ ቢሉህም አትምጣ። ስለ እኔ የሚጠይቅህ ካለ ሳትንተባተብ «አላውቀውም» በል። ይህን ወረቀት አንብበህ አቃጥለው። ድንግል ትጠብቅህ።

ኤውሎሂዮ፣ ባለጀልባው