ከጣሪያው ጋር አብራ ስለምትጓዘው ቀዳዳ

ለክቡር የሕንፃው አስተዳደር ኃላፊ፦

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎና በተለይም ሳንባዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። በግቢው መሃል፣ በተንሸራታቹ የሸራ ጣሪያ ሥር ምግብ ቤት የከፈትነው እኔና ታላቅ እህቴ ዓይናችን ከማልቀሱ በቀር ደህና ነን። ልቅሶውም የኀዘን አይደለም፤ የጭስ ነው።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ ከዚህ ቀደም በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው ሳይከፈቱ ስለቀሩ ይህኛው ቢያንስ የመክፈት ድካም እንዳይሆንብዎ አስቤ ነው። አቤቱታዬም እንደሚከተለው ነው።

1. የማብሰያ ቤታችን የጭስ ማውጫ ቱቦ በጀርባው ግድግዳ በኩል ወጥቶ፣ ሸራው በማይደርስበት ቦታ ከጣሪያው በላይ ከፍ እንዲል በትሕትና ጠይቀን ነበር። እርስዎ ግን ግድግዳው አዲስ ቀለም የተቀባ መሆኑን አስታውሰው፣ ሸራው ተበስቶ ቱቦው ቀጥ ብሎ በመሃሉ እንዲያልፍ ወሰኑ። ቀለሙ ስለተረፈ ከልብ እናመሰግናለን። ሸራው የሚንቀሳቀስ መሆኑን ግን፣ ለእንዲህ ያለ ተራ ጉዳይ ጊዜ ስላልነበረዎት ይመስለኛል፣ ውሳኔው አላነሳውም። ጣሪያው ሲከፈት ቀዳዳዋ አብራ ትሄዳለች፤ ቱቦው ብረት ነውና ባለበት ይቀራል። ሸራው የተቀደደ ዕለት የተሰማው ድምፅ ምሳ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ ከጠረጴዛ ሥር አስገብቶታል።

2. ሸራው ከተጣፈ በኋላ ቱቦው ተቆርጦ ከሸራው በታች እንዲያጥር አዘዙ፤ ጣሪያው ሲከፈት ጭሱ መንገዱን ራሱ ያገኛል በማለት። ጣሪያው ፀሐይ ሲሆን ይከፈታል፣ ዝናብ ሲሆን ይዘጋል። ደንበኛ የሚጎርፈው ደግሞ ዝናብ ሲሆን ነው። ስለዚህ ብዙ በምንጠብስበት ሰዓት ጣሪያው ድፍን ነው፤ ጣሪያው ወለል ብሎ በተከፈተ ጊዜም የሚጠበስለት ሰው የለም። እንዲህ ልክክ ብሎ የገጠመ ነገር በአጋጣሚ አይሆንምና፣ እቅድ ነው ብለን አክብረነዋል።

3. ከጭሱ ጋር የሚወጣው የዘይት ቅባት ሸራው ላይ ይጋገራል፤ ሸራው ሲታጠፍ በእጥፋቱ ይዞት ይገባል፣ ሲዘረጋም በተመጋቢው ትከሻ ላይ ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ቅባት በጠጣ ጨርቅ ሥር እሳት እያነደድን መሆኑን ብናመለክት፣ ሸራው እሳት የማይፈራ ተብሎ የተገዛ መሆኑን ገልጸውልናል። እሱ ባይፈራም እኛ እንፈራለን።

4. ይህኛው ስለ ታላቅ እህቴ ነው። ማጥበሻው ላይ የምትቆመው እሷ ናት። ድሮ ትእዛዝ ስትጠራ ድምፅዋ ከግቢው በር ውጭ ይሰማ ነበር፤ አሁን በጭልፋ ብረት ድስት እየመታች ነው የምትጠራን። ሐኪሟ ከጭስ እንድትርቅ አስጠንቅቋታል። እሷ ግን ትንንሽ ልጆች ስላሉኝ እኔን ከምድጃው አባርራ፣ ራሷ ቆማ ታስላለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እዚህ ላይ ትሕትናው ያልቅብኛል፤ ፈርቻለሁ፣ ተናድጃለሁም።

ጭምብል እንድታደርግ ስለመከሩን ግን ሳላመሰግን አላልፍም። ለተመጋቢዎቻችንም ማንኪያ የሚያስገባ ዓይነት ካለ ቢጠቁሙን ውለታዎን አንረሳም።

የምንለምነው ያንኑ የመጀመሪያውን ነው፤ ግድግዳው ይበሳ፣ ቱቦው ከሸራው ርቆ ይውጣ። የሚላጠውን ቀለም ብሩሽ ይዤ ራሴ እቀባለሁ።

ረጅም ዕድሜና እስከ ዛሬ ያልተለየዎትን ንጹሕ አየር እየተመኘሁ፣ በግቢው ሲያልፉ በጭሱ ምክንያት ባያዩኝም እንኳ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

አክባሪዎ፣
የጠባሿ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ ትሕትና እንዳይጎድለው ብዬ ደብዳቤውን ለእህቴ አነበብኩላት። እሷም በራሷ አንደበት አንድ ምስጋና ልጨምርበት ብላ፣ እስክሪብቶዬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ክቡርነትዎ» ከሚለው በላይ ሳሉ አላስኬዳትም። የቀረውን፣ ለመጨረስ የሚበቃ ትንፋሽ ስታገኝ፣ እንልክልዎታለን።