የእኛ አምስት፣ የእሷ ሰባት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ናፍቆት እግር ቢሆን ኖሮ ዛሬ ደጅሽ ላይ በነበርኩ። እኛ ደህና ነን። የዩኒፎርም ወቅት ስለሆነ ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ አላውቅም።

ልጄ የምትወዳቸው ሰባቱ ዘፋኝ ልጆች ተበተኑ። የእኛ አምስቱ የተለያዩ ጊዜ ትዝ ይልሻል? እነዚያ ፀጉራቸውን በቅባት የሚያብረቀርቁት፣ አንድ ማይክ የሚሻሙት! ሳምንት ሙሉ አልቅሰን፣ እናታችን "የወለድኩት አልቃሽ ነው እንዴ?" ብላ አስቃን ድስቱን ጠርገን በላን። የአሁኖቹ ጭፈራቸው ልክክ ያለ ነው፤ ድምፃቸውን ግን አንዱን ከአንዱ አልለይም። ይህን ብዬ ላበሽቃት ብሞክር "ልክ ነሽ እማ" አለችኝ። ድሮ ቢሆን ቤቱን በአንድ እግሩ ታቆመው ነበር።

እሷ አላለቀሰችም። ፎቷቸውን ከግድግዳ አንስታ፣ ማዳመጫዋንና አዲሱን ጫማዋን ጨምራ ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። "ምን ያደርግልኛል?" አለች። እኔም ስፌቱን ከሱቅ ወደ ቤት አመጣሁት፤ እዚህ ብርሃኑ ይሻላል። አናጢውን ጠርቼ የክፍሏን በር መቀርቀሪያ "ዝጓል፣ ንቀልልኝ" አልኩት።

"ምኑ ነው የዛገው?" ብሎ አየኝ።

"ንቀልልኝ ብቻ" አልኩት።

ፈቃድ ካገኘሽ ብትመጪ ደስ ይለኛል። ከእኔ ይልቅ ላንቺ ታወራለች። ቶሎ ቢሆን ይሻላል።

የቤቱ ሰው ሁሉ ሰላም ብሎሻል። ልጄንም "ለአክስትሽ ምን ልበልልሽ?" ብላት "በጣም እወዳት ነበር በይልኝ" አለችኝ። "ነበር" የሚለውን ትቼ ልጽፍልሽ ብል እጄ እምቢ አለኝ።

ታናሽሽ