አገር ሳይሰጥበት የተፈታ እንቆቅልሽ

ለውድ ወንድሜ ለለሊሳ ጉርሙ፤

የናፍቆት ሰላምታዬ ባሕርና በረዶ ተሻግሮ ያለህበት ድረስ ይግባ። እንዴት ከርመሃል? አካም ጅርታ? ብርድ ሲጠና የሚነሣብህ የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዘንድሮም አላስቀምጥ አለህ? ባለቤትህ ዱረቲስ ከአዲሱ የሆስፒታል ሥራዋ ጋር ተላመደች? ልጅህ መቲ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው «ሰ» ማለት ተስኗታል ብለኸኝ ነበር፤ በቀሉላት? እኛ ለአምላክ ምስጋና ይድረሰውና በአካል ደኅና ነን። «በልባችንም ደኅና ነን» ብዬ እንዳልጨምር ግን ብዕሬ አልታዘዝ ብሎኛል።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ላድርስህ። ባለቤቴ ድንቅቱ የዓይኗ ሞራ ተገፎላት አሁን ክር በመርፌ ራሷ ታስገባለች። ፋሻው የተፈታላት ዕለት ፊቴን ትክ ብላ አየችና «ለካ ይህን ያህል አርጅተህ ኖሯል፤ ማንም አልነገረኝም» ብላ ሳቀችብኝ። የልጄ ልጅ ሃዋኒ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ ከእኛው ጋር ናት። ጤፋችን ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ወዳጄ ከበበው የእህል ንግዱን ለልጆቹ አስረክቦ፣ እንደ ድሮው ከሰዓት በኋላ እየመጣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጦ ይከራከረኛል። ጆሮው ስለ ከበደው ክርክሩን ሁልጊዜ የሚረታው እርሱ ነው።

ከአንተ ዘንድ በመጣው በኤጄታ እጅ የላክኸው ላፕቶፕ በሹራብ እንደ ተጠቀለለ በደኅና ደርሶኛል። በስልክ «ጋሼ፣ ሦስት ዓመት የደከምንበት የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጡ ተጭኗል፤ ስትከፍተው የራስህን ዕቃ ታገኝበታለህ» ብለህ ነበር። አብሮት የመጣው ደብዳቤህ ደግሞ ለሚቀጥለው ሥራችሁ እንቆቅልሽ የጻፍሁበትን ሁለተኛውን ደብተር እንድልክልህ ይጠይቃል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጽሑፍ መልስ ያልሰጠሁህ ደብዳቤውን ቁጣዬ እንዳይጽፈው ብዬ ነው። ቁጣው አሁን በርዷል። የተረፈው ነገር ከቁጣ ይልቅ ሐዘን ይመስለኛል፤ አንተው አንብበህ ስሙን አውጣለት።

በ1993 ዓ.ም. ከገበያው ማዶ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት የከፈትህበትን ዘመን መቼም አትረሳውም። እሑድ ከጸሎት ቤት መልስ፣ መብራት ካለ፣ ሱቁን ከውስጥ ዘግተን ያንን በእንግሊዝኛ የተጻፈ የኮምፒውተር የሚና ጨዋታ እንከፍት ነበር። እኔ የጡረታ ደጃፍ ላይ የቆምሁ የቋንቋ መምህር፣ አንተ የእናታችን የመጨረሻ ልጅ፣ ገና ጎረምሳ፣ ሁለታችን አንድ መንገደኛ ሆነን የማናውቀውን አገር እናቋርጥ ነበር። አንተ ቁልፎቹን ትነካለህ፤ እኔ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ የእያንዳንዱን ባላገር ንግግር እተረጉምልሃለሁ። ጨዋታው የት እንደምንሄድ አይነግረንም ነበር። የሚነግሩን ሰዎቹ ነበሩ፤ እነርሱም እንደ ሰው አንዳንዴ ይዘነጋሉ፣ አንዳንዴ ይዋሻሉ፣ አንዳንዴ የጠየቅናቸውን ትተው ስለ ልጃቸው ሠርግ ያወሩናል።

ያንን ባሕታዊ ስንፈልግ የባከኑትን ሦስት ወራት ታስታውሳለህ? የቆላውን ዋሻ ሁሉ ፈተሽን። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ስለ ባሕታዊው ስንጠይቃት «ማር ያመጣልኝ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ማሩ ዘገየ» ከማለት በቀር ምንም አልነገረችንም። ከዚህ ቃል አንድም ነገር ማውጣት አልቻልንም። አንድ እሑድ ከበበው ሊያሾፍብን መጣ። «ሁለት ሙሉ ሰው በሳጥን ውስጥ ጠፍቶ ተቀምጧል» እያለ ሲስቅብን ቆይቶ፣ ሴትዮዋ ምን እንዳለች እንድተረጉምለት ጠየቀኝ። ተረጎምሁለት። ብርጭቆውን አስቀመጠና «እናንተ የተማራችሁ ሰዎች፣ ማር የሚዘገየው አበባው የሚዘገይበት ደጋ ነው። ምን ቆላ ለቆላ ያንከራትታችኋል? ሽቅብ ውጡ» አለን። ወጣን። ከጥዱ ሥር፣ ከቀፎዎቹ አጠገብ፣ ጎጆው ነበረ። ከበበው ከጭልሞ ደን ማር ሲገዛ ያገኘውን ዕውቀት፣ ባሕር ማዶ ያለ የማናውቀው ሰው በጥቂት ቃል ደብቆ አስቀምጦልን ኖሯል። የዚያን ዕለት ከበበው ለሦስታችንም አምቦ ውሃ አስመጣና «የተማረ ሰው የሚጠጣው በእኔ ሂሳብ ነው» አለ። እኔ በዕድሜዬ ብዙ መጽሐፍ አንብቤአለሁ፤ ደራሲ ይህን ያህል አክብሮኝ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን ነው የመጀመሪያውን ደብተር የጀመርሁት። የጨዋታውን መንገድ ጻፍሁበት፤ ከዚያም ከአንተ ጋር ወደ ወንጪ ሐይቅ የወረድንበትን መንገድ ሳልሁበት። ፈረስ ያከራየን ኦቦ ደቻሳ «እስከ ዝግባው ሂዱ፤ ከዚያ ደግሞ ጠይቁ» ብሎ የቀረውን መንገድ አልነግር ሲለን ተናድደህ ነበር። ዝግባው ጋ ስንደርስ ግን የሚጠየቅ ሰው ተቀምጦ አገኘን፤ ከእርሱም ጋር ቆሎ በላን። ከደብተሩ መጨረሻ የእናታችንን የፋንቱን እንቆቅልሾች መዘገብሁ። ወደ ፊንላንድ ስትሄድ ደብተሩን በሻንጣህ ውስጥ ያደረግሁልህ እኔ ነኝ። ያደረግሁልህ ግን ስትናፍቀን እንድታነበው ነበር።

አሁን ወደ አዲሱ ጨዋታ ልምጣ። ሃዋኒ ከፈተችልኝ፤ ከበበውም ወንበሩን አስጠግቶ ተቀመጠ። መጀመሪያ ተደሰትሁ፤ አልደብቅህም። ፊደሉ ትልቅ ነው፤ ለዓይኔ ተስማማው። ድሮ መብራት በሄደ ቁጥር የሳምንት ድካማችን ከእጃችን ይጠፋ ነበር፤ ይህኛው ራሱ ይመዘግባል። ይህን ያቀለለ ሰው ይባረክ። ከዚያ ሐይቁ ብቅ ሲል ወንጪ መሆኑን ዐወቅሁት። ወፍጮው አለ። ድልድዩን በደብተሬ ላይ ከወፍጮው በታች መሳል ሲገባኝ ተሳስቼ ከላይ ስዬው ነበር፤ እናንተም ከእነስህተቴ ሠርታችሁታል። ከዝግባው ሥር ግን ማንም የለም። በሰው ፋንታ መሬት ላይ የሚያበራ ቢጫ ቀስት ተዘርግቷል። ሃዋኒ ቀስቱን ተከትላ ስትሮጥ ሐይቁን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብላ አላየችውም። «ሐይቁን እዪው እንጂ» ብላት «አባባ፣ ቀስቱ ወደዚያ አይደለም» አለችኝ።

ቀጥሎ የጨዋታው በር ጠባቂ ሽማግሌ መጣ። ባርኔጣው የእኔ ነው፤ ካፖርቱም የእኔ ነው፤ የግራ ትከሻው እንኳ እንደ እኔ ዘንበል ብሏል። ምርኩዙን ተደግፎ የእናታችንን እንቆቅልሽ ጠየቀ፦ «ዓይን የለውም፣ መንገድ ያሳያል፤ እግር የለውም፣ ወንዝ ያሻግራል።» መልሱ በገዛ እጁ ያለው ምርኩዝ ነው። እናታችን ይህን የምትጠይቀው ምርኩዟን በጉልበቷ ላይ አጋድማ እንደ ነበር ታውቃለህ፤ ያየ ያገኘዋል፣ ያላየ አገር ይሰጣል። እናንተ ግን ሽማግሌው ተናግሮ ሳይጨርስ ምርኩዙን በወርቅ ቀለም አበራችሁት። ያ አልበቃ ብሎ «ምርኩዝ» የሚለውን ቃል ከታች ጻፋችሁለት። ያም አልበቃ ብሎ የሽማግሌውን ንግግር የሚያቋርጥ ቁልፍ አበጃችሁ። ሃዋኒ በየዋህነት «አባባ፣ ይህን ስትጫነው ዝም ይላል» አለችኝና ተጫነችው። እኔ ዝም አልሁ፤ በሩም ተከፈተ። ከበበው ተጠግቶ አየና «በእውነት አንተኑ ነው የሚመስለው፤ በዚህኛው ላይ ብቻ ማስቆሚያው ተገኝቷል» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። ማታ ራት መብላት ግን አልቻልሁም።

በማግስቱ ስደውልልህ የሰጠኸኝን ምክንያት አልረሳሁትም። «ጋሼ፣ ስንፈትሸው ከአሥር ተጫዋች ሰባቱ በሩ ላይ ሲደርሱ ጨዋታውን ዘግተው ይሄዳሉ። ሰው ከሥራ ደክሞ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ነው ያለው፤ ለፈተና መቀመጥ አይፈልግም» አልኸኝ። የደከመን ሰው ችግር አላቃልልም፤ እኔም ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ደክሜ ገብቻለሁ። ነገር ግን ስለ ሄዱት ሰባቱ ስትነግረኝ፣ የቀሩት ሦስቱ በሩ ላይ ቆመው ምን እንዳሰቡ አልነገርኸኝም። ከሦስቱ አንዱ ከበበው ሊሆን ይችል ነበር። ለእጅ የሚከብደውን አቅልሉ፤ ደግ አድርጋችኋል። ሰው ራሱ ደርሶበት የሚደሰትበትን ቀድሞ መንገር ግን ማቅለል አይባልም፤ ከአፉ መንጠቅ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሳስተምር ትልቁ ፈተናዬ መልሱን እያወቅሁ ተማሪው እስኪደርስበት ምላሴን መያዝ ነበር። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ልብ የሚሰብረውም ይኸው ነው። የማያውቅ ሰው ቢያደርገው ኖሮ «አያውቅም» ብዬ እተወው ነበር።

ደግሞ አልጠየቅኸኝም። አንዲት ቃል፣ «ጋሼ፣ የእማዬን እንቆቅልሽ ላግባው?» ብትለኝ ምን ያደክምህ ነበር? በጨዋታው መጨረሻ የሠሩት ሰዎች ስም ሲያልፍ ሃዋኒን ጎኔ አስቀምጬ እስከ ታች አነበብሁት። ምሳ ያቀረበላችሁ ሰው ሳይቀር አለ። ፋንቱ የሚል ስም የለም።

ትንሽ ሳለህ የሆነውን ላስታውስህ። ሰባት ዓመትህ ነበር። እናታችን «ሂቦ» ብላ እንቆቅልሽ ጀመረች፤ «ሂባካ» አልናት። ይህንኑ የምርኩዙን እንቆቅልሽ ጠየቀችህ፤ አላወቅኸውም። «ቢያ ና ኬኒ፣ አገር ስጠኝ» ስትልህ ጊንጪን ሰጠሃት፤ አልፈልግም አለች። አዲስ ዓለምን ሰጠሃት፤ እርሷንም አልፈልግም አለች። በመጨረሻ ጨንቆህ አምቦን ሰጠሃት። ተቀብላ መልሱን ነገረችህ። ከዚያ ወዲያ ከተማው ተሰጥቶ ስላለቀ ከቤታችን የምንወጣ መስሎህ እያለቀስህ ልብስህን በነጠላዋ ስትቋጥር አገኘንህ። ጠዋት እናታችን ደጃፍ አውጥታ «አምቦን መልሼልሃለሁ፤ ግን ደኅና አድርገህ እያት» አለችህ። ያን ቀን በየመንገዱ እየዞርህ እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድረስ ያየኸውን ሁሉ ስትቆጥር ዋልህ። ያቺን መልስ እስከ ዛሬ ያልረሳሃት አገር ስለ ከፈልህባት ነው። አሁን ግን የእናትህን መልስ ማንም ምንም ሳይሰጥባት በየቤቱ በተንሃት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ሁለተኛውን ደብተር አልልክልህም። መቶ አሥራ ሁለት እንቆቅልሾች አሉበት፤ ግማሾቹን የሚያውቅ ሰው ከእኔ በቀር በሕይወት የለም። ይህን የምጽፈው ልቀጣህ ፈልጌ አይደለም። በሳጥኔ ቢያልቁ እንደሚጠፉ ዐውቃለሁ፤ ይህ ዕውቀት ያንተን ያህል እኔንም ያስጨንቀኛል። ቢሆንም ዝም ማሰኛ ቁልፍ ለተገጠመለት ሽማግሌ አደራ መስጠት አልቻልሁም። ከፈለግኸው ና። በረንዳው ላይ ከከበበው ጎን ተቀመጥ። አንድ በአንድ እጠይቅሃለሁ፤ የምታውቀውን ትወስዳለህ፤ በማታውቀው አገር ትሰጠኛለህ። እኔም ሳላስቸኩልህ ምላሴን ይዤ እጠብቅሃለሁ።

ድንቅቱ በአዲሱ ዓይኗ ፎቶግራፍህን አይታ «ከስቷል፤ ይብላ በለው» ብላሃለች። ሃዋኒ እጅ ትነሣለች፤ ጨዋታውን በሁለት ቀን ጨርሳው አሁን አትከፍተውም። ባለፈው እሑድ ግን ስለ ባሕታዊው አጫወትኋትና፣ ከበበው «ንገሪኝ እስቲ፣ ማር የሚዘገየው የት ነው?» ብሎ ጠየቃት። እስከ ዛሬ አልመለሰችም፤ ትናንት የጭልሞ ማር የምትሸጠውን ሴትዮ ገበያ ላይ ስታናግር አይቻታለሁ። ከበበው «ያ ጎረምሳ አምቦ ውሃ ዕዳ አለበት» ብሎ ሰላምታ ልኮልሃል። ዱረቲን ስለ ሹራቡ አመስግንልኝ፤ ልክ ሆኖኛል።

የመቲን ጉንጭ ሳምልኝ። አንድ እንቆቅልሽም ከእኔ ተቀብለህ አድርስላት፦ «ከቤት ሲወጣ ዝም ያለ፣ አገር አቋርጦ ሲከፈት የሚናገር።» መልሱን አንተ አሁን በእጅህ ይዘኸዋል፤ ይህ ደብዳቤ ነው። እባክህ አትንገራት። ስታነብ አጠገብህ ትቀመጥና ትይህ። አልሆነላት ካለ አገር ትስጠኝ፤ ሄልሲንኪን ብትሰጠኝ እቀበላታለሁ። ካለቀሰች ደግሞ ጠዋት ደውልልኝ፤ እመልስላታለሁ።

ታላቅ ወንድምህ
ሂርጳ ጉርሙ

አምቦ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2006 ዓ.ም.