ስምሽን ያስገባሁበት ሙሾ

ውብዓለም ልጄ፣

እንደምን ነሽ ብሎ መጀመር የለመደ እጅ ዛሬም ወደዚያው ሊሄድብኝ ነበር። ያዝኩት። ከተለየሽኝ ስምንት ወር ሆነ። የምጽፍልሽ እዚህ ዓረብ አገር፣ ሀደት የሚባለው ሰፈር፣ የምሠራበት ተታ ቤት፣ ኩሽና ተቀምጬ ነው። ተታን ታውቂያታለሽ፣ ያቺ በስልክ "ሀቢብቲ" የምትልሽ፣ ድሮ ፒያኖ አስተማሪ የነበረችው አሮጊት። ከምሳ በኋላ ትተኛለች፣ እኔም ያን ጊዜ እጽፋለሁ። ጽሕፈቴ የስምንተኛ ክፍል ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ አራተኛ ቀኔ ነው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ባውሽሪዬ ሰፈር ያለችውን የኪራይ ክፍል አልለቀቅንም፣ አሁንም ከዘነቡና ከሙሉ ጋር ነኝ። ፎቶሽን ከግድግዳው ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ አትቀየሚኝ። አገር ቤት አክስትሽ አስቴር ማሲንቆሽን በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ላይ አውጥታዋለች። አቧራ እንዳይነካው ነው ትላለች። ላለማየት ይመስለኛል።

ዩኒቨርሲቲ ሙዚቃ ልማር ነው ያልሽ ጊዜ እሷው ነበረች ደውላ "ልጅቷን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?" ብላ የጮኸችብኝ። አንደኛ ዓመት ሳለሽ ማሲንቆውን ስትገዘግዢው ጎረቤት መጥቶ ድመት ታማባችኋለች ወይ ብሎ ጠየቀ ብላ ከሰሰችሽ። እኔም ደንግጬ ነበር፣ ግን አልከለከልኩሽም። ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ በስልክ ያሳደግኩሽን ልጅ በምን አፌ እከለክላለሁ?

ከዚያ ትምህርቱን ለሁለት ተማርነው። ወለል እየወለወልኩ ስልኩን ጡት መያዣዬ ውስጥ እከተዋለሁ፣ አንቺ አንድ ዜማ ትጫወቻለሽ፣ "እማ፣ ባቲ ነው አምባሰል?" ትያለሽ። ስሙን አላውቀውም፣ ግን እናቴ ለቅሶ ቤት የምታወጣው ነው ወይም ሠርግ ላይ የሚባለው ነው እልሻለሁ። አንቺም ትስቂና "መምህራችን ያለው እሱን ነው" ትያለሽ። በሕይወቴ ተማሪ ሆኜ የተደሰትኩት ያኔ ነው።

ያ ወሬ ነው መዘዙን ያመጣው። እናቴ በአገራችን የታወቀች ሙሾ አውራጅ እንደነበረች ነገርኩሽ። አራተኛ ዓመት ስትገቢ የመመረቂያ ሥራዬ ሙሾ ነው አልሽ። የአያትሽን ዜማ በኖታ ጽፈሽ፣ ለማሲንቆና ለቫዮሊን አዘጋጅተሽ ልታቀርቢ። እሷ ሞታለች፣ ዜማውን የያዝኩት እኔ ነኝ። "እማ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቅጂልኝ።"

እንቢ አልኩሽ። ሬሳ በሌለበት ሙሾ አይወርድም፣ ሞት መጥራት ነው አልኩሽ። ከጥቅምት እስከ ጥር ለመንሽኝ። በኋላ የኖታው ማስረከቢያ ደረሰ፣ ድምፅሽ እያነሰ መጣ፣ አንጀቴን በላሽው። ተታ ተኝታ ሳለች የልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የተታ ጆሮ ደክሟል፣ ግን ጎረቤት እንዳይሰማ ማሽኑን ከፈትኩት። አንቺም በስልኩ ማዶ እየቀዳሽ "ማሽኑን አጥፊው፣ ኖታ ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ላስገባ ነው እንዴ?" አልሽኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

አወረድኩት። ሙሾ ግን ያለ ስም አይሆንም። ግጥሙ ሟቹን ይጠራል፣ ዜማውም የሚወድቀው እዚያ ስሙ ላይ ነው። የማንን ስም ላንሣ የሚለውን አስቀድሜ አላሰብኩበትም። የሞተ ሰው ስም ሳልፈልግ፣ ቦታው ሲደርስ ከአፌ የወጣው ያንቺ ሆነ። ውብዓለም አልኩ። አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ በሦስቱም ቤት አልኩት፣ እያለቀስኩ።

ጨረስኩ። ከዚያ "እማዬ፣ ገደልሽኝ እኮ" ብለሽ ሳቅሽ። ቅጂውን አጥፊው፣ ባለሽበት አሁኑኑ አጥፊው አልኩሽ። እሺ አልሽ። ሌላ ቀን እንደገና እቀዳልሻለሁ ብዬ ነበር፣ አልጠየቅሽኝም፣ እኔም ደስ ብሎኝ ተውኩት።

ሰኔ ላይ ሆድሽን አመመሽ። ለመመረቂያው መድረክ የልምምድ ሳምንት ስለነበር ለማንም አልተናገርሽም፣ ለእኔም ድካም ነው አልሽኝ። ትርፍ አንጀት ፈንድቶ ነው ይላሉ። ሐኪም ቤት ስትደርሺ አልፎ ነበር ይላሉ። ሰው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚለኝ፣ ዘነቡ ደግሞ "ያኒ፣ ማለት በስልክ የተዘፈነ ሰው ይገድላል? አእምሮሽን ያዢ እንጂ" ብላ ትቆጣኛለች። እሰማታለሁ። ግን ማታም ቀንም የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ በቁምሽ ሙሾ አውርጄብሻለሁ።

መርዶውን ያደረሱኝ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። እነዚያን አሥራ አንድ ቀናት በስልክሽ የድምፅ መልእክት እልክልሽ ነበር፣ ለምን አትመልሺም፣ አኮረፍሽኝ እንዴ እያልኩ። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በፊት ዶራ ሰፈር የሚኖሩት ያገራችን ልጆች ጥቁር ለብሰው ደረጃው ላይ ሲደረደሩ ገባኝ። የመኖሪያ ወረቀት የለኝም፣ ብሄድ መመለሻ የለኝም፣ ብሄድም አፈርሽ ደርቋል። ሴቶቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠው እኔን ጠበቁ። የአውራጅ ልጅ ናት፣ ለገዛ ልጇ ምን ትል ይሆን ብለው። አፌን ከፈትኩ፣ ምንም አልወጣም። ለአንቺ የነበረኝን አስቀድሜ፣ በሕይወት ሳለሽ ጨርሼዋለሁ። ሙሉ ናት በኔ ፋንታ ያለቀሰችው። የሕንፃው ጠባቂ ወጥቶ "ኸላስ፣ በቃ፣ ሰው ይረበሻል" እስኪል ድረስ። እኔ አንቺን ያለ ድምፅ ነው የቀበርኩሽ።

አሁን የምጽፍልሽ ስለዚህ ነው። ባለፈው ሳምንት መምህርሽ ደወለችልኝ። አብረውሽ የተማሩት ልጆች ሥራሽን መድረክ ላይ ሊጫወቱት ነው። መክፈቻው ላይ ደግሞ የእኔን ቅጂ ማሰማት ይፈልጋሉ፣ ፈቃዴን ጠየቀችኝ። አላጠፋሽውም ለካ። እሺ ብለሽኝ አስቀምጠሽዋል። አስቴር ፍቀጂ አለችኝ፣ ክብሯ ነው አለች። ሥራሽን ከልክዬ እንደገና ልቅበርሽ? ወይስ ያን ድምፅ በሰው ሙሉ አዳራሽ አስደግሜ እንደገና ልግደልሽ?

መምህርሽ ኖታሽን ፎቶ አንሥታ ላከችልኝ። ከመስመሮቹ ሥር ግጥሙን በእጅሽ ጽፈሽዋል፣ ያን ማንበብ እችላለሁ። በጣቴ እየተከተልኩ ስምሽ የሚመጣበት ቦታ ደረስኩ። የለም። ሁለተኛው ቤት ላይም የለም፣ ሦስተኛውም ላይ። ለተታ መነጽሯን አድርጌላት ስልኩን ሰጠኋት። ለረጅም ጊዜ አየችው፣ በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች ቆጠረች። "ሆን ማ ፊ ሺ" አለችኝ። እዚህ ምንም የለም፣ ሁሉም መሣሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ያለቀሰችውም እሷ ናት፣ ምንም ሳልነግራት።

ልጄ፣ አንቺም ፈርተሽ ነበር ማለት ነው። ያ ሳቅ ለእኔ ነበር። እኔን ስቀሽ አባብለሽ፣ ክፍልሽ ገብተሽ ብቻሽን ስምሽን ከሞት ላይ ስታነሺ ታየኝ፣ አንድ በአንድ፣ ከሦስቱም ቦታ። ያጽናናኛል ብዬ ነበር። አላጽናናኝም። ልጄ ብቻዋን ስትፈራ እኔ ከባሕር ማዶ የሰው ልብስ አጥብ ነበር።

ትናንት ለመምህርሽ መለስኩላት። ይጫወቱት አልኳት። ድምፄ ግን አይሰማ፣ ቅጂውንም ያጥፉልኝ፣ አንቺ ያላጠፋሽልኝን። ስምሽ ባለበት ቦታ እንደ ጻፍሽው ዝም ይበሉ፣ ማንም ደግ ልሁን ብሎ አይሙላው። መምህርሽ አለቀሰች፣ እሺም አለች።

እኔ ዳግመኛ ሙሾ አላወርድም፣ ለማንም። ስምሽን ግን በየማለዳው እጠራዋለሁ፣ ያለ ዜማ፣ ትምህርት ቤት ረፈደብሽ ተነሺ ብሎ እንደሚቀሰቅስ ሰው። እስካለሁ አንድ ቀን አላስታጉልም።

ከሰባት ዓመትሽ ወዲህ አንድም ቀን በእጇ ነክታ ያልቀሰቀሰችሽ

እናትሽ