የእልኸኛዋ ሦስተኛ ወንበር

ከሁሉ አስቀድሞ የዶኛ ሲክስታ ሾርባ ጨው እንደሌለው ይጻፍልኝ። ጎረቤቴ ናት፣ ምስክሬም ናት፣ አሁንም ከአልጋዬ ግርጌ ተቀምጣ ትሰማኛለች፤ ቢሆንም እውነት አይሸሸግም። ሐኪሙ ጨው ከለከለ እንጂ ጣዕም አልከለከለም። ጸሐፊው ዶን ኤባሪስቶ ብዕሩን አንሥቶ እንዲህ ያለ ነገር ኑዛዜ ውስጥ እንደማይገባ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ይገባል እላለሁ። ጨው ያለውንና የሌለውን ሾርባ የሚለይ ሰው አእምሮው ጤነኛ ለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ይመጣል? አሁን ደንበኛውን ቃል ይጻፉ።

እኔ ፊደንሲዮ ባራጋን፣ የቪያቪሴንሲዮ ነዋሪ፣ የአውሮፕላን መካኒክ፣ ዛሬ ቅዳሜ መጋቢት 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.፣ በገዛ ቤቴ በገዛ አልጋዬ ላይ ሆኜ፣ ልቤ ቢደክምም ልቦናዬ ሳይደክም፣ ማንም ሳይጫነኝና ሳያባብለኝ፣ በዶኛ ሲክስታና በፀጉር አስተካካዩ በኑማ ፊት ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ትምህርቴን ያገኘሁት ሞተር ሥር ተጋድሜ ስለሆነ አነጋገሬ ቢሻክር ዶን ኤባሪስቶ ያለስልሰው፤ ነገሩን ግን እንዳይለውጠው።

ይህ ቤት ከነጓሮውና ከነማንጎ ዛፉ ለወንድሜ ልጅ ለዊልማር ይሁን። አውሮፕላኔን ለምግብ ቤት ባለቤት ሽጣት፣ ሆዷ ውስጥ ጠረጴዛ ይደርደር ብሎ የመከረኝ እሱ ነው። ያን ጊዜ ተቆጥቼ ከቤት አስወጥቼው ነበር። ነገር ግን ያን ያለው ከስስት ሳይሆን ከፍርሃት መሆኑን ስለማውቅ ቤቱን ያለ ቅሬታ ሰጥቼዋለሁ። አባቱን አየር ላይ ያጣ ልጅ አውሮፕላንን መሬት ላይ ቢወድ አይፈረድበትም። ምክሬ ጣሪያው ሲያፈስ ራስህ አትውጣ፣ ሰው ጥራ ነው። አንተ መሰላል ላይ ስትወጣ ሰፈሩ በሙሉ ይጸልያል።

ሬዲዮኔን ለዶኛ ሲክስታ ሰጥቻለሁ። ዶን ኤባሪስቶ ምስክር ወራሽ መሆን አይችልም ብሎ ሲያቋርጠኝ እሷ፣ «ምን ውርስ አለው? ሬዲዮውን ያዋስኩት እኔ ነኝ» አለችው። እውነቷን ነው። እንግዲያው ይመለስላት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ፤ ትንፋሽ የሚያጥረኝም እዚህ ላይ ነው።

እልኸኛዋ ብለን የምንጠራት አውሮፕላን በዚያ በትልቁ ጦርነት ዘመን ወታደር እንድታመላልስ የተሠራች፣ ኋላም በእኛ ሜዳ ላይ ዓሣና ቢራ፣ ጥጃና መነኩሴ ስትጭን ያረጀች ባለ ሁለት ሞተር ናት። ጓቪያሬ ወንዝ ዳር ተጥላ፣ ክንፏ ሥር ዛፍ በቅሎ፣ ሆዷ ውስጥ ተርብ ሰፍሮ ያገኘናት እኔና ባልንጀራዬ ኤሊየሰር ነን። ክንፎቿን ፈትተን በጀልባ፣ ከዚያም በከባድ መኪና ጭነን አመጣናት። የዛገውንና የተበላውን ላሜራ ቀየርን፣ ሞተሮቿን በትነን ገጠምን፣ በመጨረሻም ክንፎቿን መለስንላት። ቀኙን እኔ ገጠምኩ፣ ግራውን ኤሊየሰር። ክንፉን ከገላዋ ጋር የሚያይዙት ብሎኖች ዙሪያውን እንደ ጥርስ ተደርድረዋል። የኔን ጎን ያጠበቀው የኔ እጅ ብቻ ነው፣ የሱንም የሱ ብቻ።

በዚህ አገር ደግሞ ታድሳ ለመጀመሪያ ጊዜ በምትነሣ አውሮፕላን ላይ ብሎኗን ያጠበቀው መካኒክ ይሳፈራል። ከሁለቱ አብራሪዎች ኋላ ባለችው ትንሽ ሦስተኛ ወንበር ይቀመጣል። መንግሥት ያወጣው ደንብ አይደለም። ቢሆንም ያን ወንበር ባዶ አድርጎ ከሚነሣ አብራሪ ጋር ዶሮ ነጋዴ እንኳ ዶሮውን አያሳፍርም። ለሠራኸው ሥራ ራስህን ዋስ ታቀርባለህ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

እልኸኛዋ ነገ ጠዋት እንድትነሣ ተቀጥሯል። የምታበርራት የዊልማር ታናሽ እህት ያሚሌ ናት። ወንበሩ ላይ እኔ ልቀመጥ ነበር ቃላችን። ይኸው እግሬ አብጦ፣ ደረጃ መውጣት ቀርቶ ትራስ መደገፍ ያደክመኛል፤ ሐኪሙም ከመሬት ብትነሣ ልብህ አይችለውም ብሎኛል። ትናንት ይህን ስነግራት እጄን ይዛ፣ «አታስብ አጎቴ፤ ባንተ ቦታ የሩዝ ጆንያ አስቀምጬ ቀበቶ አስርለታለሁ። ካንተ ይልቅ ዝም ይላል» አለችኝ። ሳቅሁ። ከወጣች በኋላ ግን ጸሐፊ አስጠራሁ። አባቷም እንዲሁ እየቀለደ ነው የሄደው።

ስለዚህ የሚከተለው ይጻፍ፣ ማኅተምም ይመታበት። ወንድሜ፣ የነያሚሌ አባት ካፒቴን ሊሳንድሮ በሌላ አውሮፕላን ወደ ሚቱ ከተማ በተነሣበት ቀን መካኒኩ ኤሊየሰር ነበር። አዲስ ሞተር የተገጠመላት ያን ሰሞን ነው። ሰው ሁሉ ኤሊየሰር አንድ ነገር ጠርጥሮ፣ ሳይናገር ሹልክ ብሎ ወረደ ይላል። ሐሰት ነው። በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ኤሊየሰር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቀበቶውን አስሮ ነበር። ጭነቱ ሲከብድ ወንድሜ ራሱ ትከሻውን ይዞ አስነሣውና፣ «የሁለት ሣጥን ቢራ ቦታ ይዘህብኛል፤ ሚቱ ላይ ደግሞ የሚጠብቁት ቢራውን ነው» አለው። ኤሊየሰር እምቢ አለ፣ ደጋግሞ እምቢ አለ። በመጨረሻ አዛዡ ካፒቴኑ ነውና ወረደ። አውሮፕላኗ ደኑ ላይ ገብታ አልተመለሰችም።

ይህን በቢራ ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በኑማ ፀጉር ቤትም ተናግሬያለሁ፤ ኑማም ይኸው አዎ እያለ ራሱን እየነቀነቀ ነው። ሰዉ ግን የሚጥመውን ወሬ ይዞ ቀረ። ኤሊየሰር የግራውን ክንፍ የመጨረሻ ብሎን ያጠበቀ ዕለት እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ፊደንሲዮ፣ ይብቃህ። አንተ በተከራከርክልኝ ቁጥር እነሱ እንደ አዲስ ያወርዱኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደጄን ረግጦ አያውቅም። ዛሬ በከተማው ወዲያኛው ጫፍ የሞተር ሳይክል ጎማ ይለጥፋል። ከወንድሜ ሞት በኋላ አንድም ቀን አልበረረም፤ በእልኸኛዋም ላይ የደከመው ትበርራለች ብሎ ስላላመነ ይመስለኛል።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው። እልኸኛዋ ከነመለዋወጫዋ ለያሚሌ ትሁን። ነገር ግን ክንፎቿን ከገጠምነው ከሁለታችን አንዱ እንኳ ሳይሳፈር ለመጀመሪያ ጊዜ ብታስነሣት ስጦታዬ ፈርሷል፤ አውሮፕላኗ ለዊልማር ትለፍ፣ ጠረጴዛውንም ይደርድርባት።

ያሚሌ ይህን ስትሰማ ሽማግሌው መቃብር ገብቶም አልተወኝም ትላለች። አዎ፣ አልተውኩሽም። ክፉ ግዴታ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ መቀመጥ አልችልም፣ ኤሊየሰር አይቀመጥም፤ ስለዚህ ሳልደብቅ ልናገር፣ አትነሺ ብዬ መፍረዴ ነው። በእጄ ከመሬት የፈታኋትን በቃሌ አሰርኳት። ብሎኖቼን አምናቸዋለሁ። የማምነውን ነገር እንዲህ የምፈራው ለምን እንደሆነ ግን ለራሴም ማስረዳት አልቻልኩም።

ድንገት አንድ ቀን ብታስነሻት ይህን ያዢ። እልኸኛዋ አየር ላይ የዋህ ናት፤ የምትከዳው ጎማዋ መሬት ከነካ በኋላ ነው። ቆማ ሞተሯ ዝም እስኪል ድረስ አታመስግኛት።

የሥራ መሣሪያዎቼ፣ ኪያቬዎቼና ካቻቢቴዎቼ ሁሉ ለኤሊየሰር ይድረሱት። ግማሾቹ ድሮም የሱ ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ አልናገርም፣ ፈልጎ ይድረስበት።

ቀብሬን በተመለከተ፣ ሙዚቀኛ እንዳይጠራ፣ ኑማም ፂሜን ሳያስተካክል...

በሩ ተንኳኳ። ዶን ኤባሪስቶ ብዕሩን ሊያስቀምጥ ሲል ከለከልኩት፤ የሚሆነው ሁሉ ይጻፍ።

ዶኛ ሲክስታ ከፈተች። ደጃፉ ላይ የቆመው ኤሊየሰር ነው፤ የታጠበ ቱታ ለብሶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ።

«አንተ፣ እስካሁን አልሞትክም?» አለኝ።

«ያላንተ ፈቃድ እንዴት ብዬ» አልኩት።

አልሳቀም። ገብቶ ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጠ፤ ሲናገርም መዳፉን እያየ ነበር።

«ልጅቷ ዛሬ ጠዋት ሱቄ መጣች። ልትለምነኝ ነው ብዬ ፊቴን አጠቆርኩባት። እሷ ግን አባቴ ከወንበርህ ሲያስነሣህ ምን አለህ ብላ ጠየቀችኝ። ይኸን ሁሉ ዘመን ሰው ሁሉ የሆነውን ይነግረኛል እንጂ አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ነገርኳት። ቢራውንም ነገርኳት።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ነገ ካፒቴኗ እኔ ነኝ፣ እኔ አላስወርድህም አለችኝ።»

ዶኛ ሲክስታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«እንግዲያው ግራው ክንፍ ዋስ አገኘ» አልኩት።

«ቀኙስ? እሱ ያንተ ነው።»

ሐኪሙ ያለውን ነገርኩት። እግሬን ገልጦ አየው፣ መልሶ ሸፈነው፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፊደንሲዮ፣ ብቻዬን እፈራለሁ» አለኝ።

«ወንበሩ እኮ አንድ ነው።»

«አንተ ትቀመጥበታለህ። እኔ ከኋላህ ቆሜ ትከሻህን እይዛለሁ።»

ዶን ኤባሪስቶ፣ ግዴታው ተሟልቷል ብለው ይጻፉ። አውሮፕላኗ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ የያሚሌ ናት፤ በእኔ ላይ የሚደርሰውንም ማንም በእሷ እንዳያሳብብ። ስለ ቀብሬ የጀመርኩትን እንዳለ ይተዉት፣ ዛሬውኑ ወደ ሜዳው ሄደን እልኸኛዋ ዘንድ ስለምናድር ለመጨረስ ጊዜ የለኝም። ኤሊየሰር ጫማዬን ከአልጋው ሥር አውጥቶ፣ ላበጠው እግሬ እንዲበቃ ክሩን ከላይ እስከ ታች እየፈታ ነው። ብዕሩን ያቀብሉኝ።

ተናዛዥ፦ ፊደንሲዮ ባራጋን፣ ተቀምጦ የፈረመ
ምስክር፦ ሲክስታ ኡሬጎ፣ እየተቃወመች የፈረመች
ምስክር፦ ኑማ ካይሴዶ
ጸሐፊ፦ ኤባሪስቶ ሎንዶኞ