ያልተጠየቁት አባት

ሰኞ፣ ኅዳር 15 ቀን 2018፣ ደሴ

ዛሬ ሰኞ ገበያ ተማሪዬን ዘሃራን ከአባቷ ጋር አገኘኋት። እሷ ለትምህርት እዚህ ደሴ ነው የምትኖረው፤ አባቷ ከኩታበር ለገበያ መጥተው ነው። የታወቁ ሽማግሌ ናቸው፤ በአካባቢያቸው ደም የተቃባ ሁሉ የሚታረቀው በእሳቸው ነው። ባለፈው ወር ለክፍሉ «ከቤተሰባችሁ አንድ ሰው ስለ ዕርቅ ጠይቃችሁ ጻፉ» ብዬ ነበር። የዘሃራን ጽሑፍ ለሁሉም ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ። ከፍተኛውን ውጤትም የሰጠሁት ለእሷ ነው።

እኔ ሞኟ እዚያው መንገድ ላይ አመሰገንኳቸው። «‹መጀመሪያ የምንሄደው በዳይ ቤት ነው› ያሏት በጣም ነክቶኛል» አልኳቸው።

ግራ ገባቸው። «ኧረ ወላሂ! መጀመሪያማ ተበዳይ ቤት ነው የሚኬደው።»

ዘሃራ አንገቷን ደፋች። ስልኳ ላይ ያለው ኤአይ እንደጻፈላት ያኔ ገባኝ። አባቷም አዩዋት።

«እኔው ተሳስቼ ነግሬያት ይሆናል። እርጅና ነው። ለእኔ ሲሉ አውፍ ይበሏት» አሉኝ።

ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ለልጃቸው ሲዋሹ ቆሜ ሰማሁ። ውጤቷን ምን እንደማደርገው እንጃ።

ዘሃራ ዕንባዋን እየጠረገች ቀድማን ስትሄድ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ባለፈው ወር ‹ቅዳሜ መጥቼ የምጠይቅህ ነገር አለ› ብላኝ ነበር። የቀጠርኩትን ሽምግልና ትቼ ስጠብቃት ዋልኩ፤ አልመጣችም። ምን ነበር ጠይቂ ያሏት?»

ጥያቄዎቹን ነገርኳቸው። ገበያው መሀል ቆመው አንድ በአንድ መለሱልኝ። ልጃቸው ግን ርቃ ሄዳ ነበር።