የዓሣ ገንዳዬን በበረኪና ስላከሙልኝ

ለተከበሩ አቶ ጓንጉል፣
የቀበሌያችን ጽዳትና ውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ደብረ ታቦር

በቅድሚያ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ጤና እየተመኘሁ፣ ከጉና የሚወርደው ብርድ ጉልበትዎን እንዳያምዎት፣ የሚጠጡት ውሃም ዘወትር ኩልል ያለ እንዲሆንልዎ ከልብ እለምናለሁ። እኔ ፍቅርአዲስ ሙላቴ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ያለችው ጁስ ቤት ባለቤት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በቤቴ በር ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሆኑና ውድ ጊዜዎን መሻማት ስላልፈለግሁ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከመነሻው ልናገር። ኩዌት በሰው ቤት ስሠራ የአሠሪዎቼን የዓሣ ገንዳ የምንከባከበው እኔ ነበርኩ። በዚያ ቤት ቁጣ የማይደርስበት ጥግ እሱ ብቻ ስለነበር፣ አገሬ ገብቼ ጁስ ቤቱን ስከፍት ከወንበሮቹ እንኳ በፊት ያሠራሁት የመስታወት ገንዳ ነው። ትናንሽ ዓሦችና ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ ተክሎች ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ጁስ ሊጠጣ የገባው ሰው ሁሉ ገንዳውን ሲያይ ይቆይ ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የተክሎቹ የታች ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ መርገፍ ጀመሩ፤ መስታወቱንም አልጌ የሚባለው አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ሸፈነው። ብርሃን ያነሳቸው መስሎኝ መብራቱን ከጠዋት እስከ ማታ ባበራው፣ ጭራሽ ባሰበት።

በዚህ ጊዜ ነው ከደቡብ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ደንበኛዬ መምህር ተስፋነህ ጁሱን ትቶ ገንዳው ላይ ያቀረቀረው።

“ቢጫ የሚሆነው አዲሱ ቅጠል ነው ወይስ አሮጌው?” አለኝ።

“አሮጌው፣ የታችኛው” አልኩት።

“እንግዲያው ናይትሮጅን አጥሮታል። ተክሉ ርቦት ከአሮጌ ቅጠሉ እየወሰደ አዲሱን ይቀልባል። የነጣው አዲሱ ቢሆን ኖሮ ብረት አንሶታል እልሽ ነበር። የተራበ ተክል ደግሞ ብርሃኑን አይጠቀምበትም፤ አልጌው ነው የሚጠቀምበት።”

መብራቱን ቀነስን፣ ፀሐይ የሚገባበትን መስኮት ጋረድን፣ ለውሃ ተክል የሚሆን ፈሳሽ ማዳበሪያ በጠብታ ጨመርን፣ ውሃውንም በየሳምንቱ በከፊል ቀየርን። አልጌው እጄ እስኪላጥ ብፈትገውም ቶሎ አልለቀቀም፤ ነገር ግን ለምለም ቅጠል ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። እርስዎ የመጡልኝ ልክ ያን ጊዜ ነበር፤ ስለዚህም ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ከበሩ ሳያልፉ በሽታውን ስላወቁት አመሰግናለሁ። “ይህ የታቆረ ውሃ ነው፤ ወባ ያራባል” ሲሉ ፓምፑ ውሃውን ሲያንቆረቁር ከእርስዎ ድምፅ በላይ ይሰማ ነበር።

ሁለተኛ፣ መምህር ተስፋነህ ነገሩን ሊያስረዳዎ ሲሞክር “አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም፤ አያገባህም” ብለው ስላሳረፉልን አመሰግናለሁ። የተክልን ረሃብ ለማወቅ የትውልድ ቦታ እንደሚጠየቅ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ሕክምናው ነው። እኔ ፍራፍሬ ልገዛ ገበያ በወጣሁበት ጠዋት ተመልሰው መጥተው፣ አብራኝ የምትሠራውን ውዴ የምትባለውን እህቴን “ለፈቃዳችሁ እድሳት እኮ ነው፤ ለእናንተው ብለን ነው” ብለው አንድ ሙሉ ጠርሙስ በረኪና ገንዳው ውስጥ አስገለበጡ። ስመለስ ውሃው በእርግጥም ጠርቶ ነበር። ዓሦቹ በጎናቸው ተንሳፈዋል፤ ቅጠሎቹ እንደ ወረቀት ነጥተዋል። ውዴ ከገንዳው ሥር ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

“ልከለክላቸው ሞክሬ ነበር” አለችኝ። “ሰብሳቢው ናቸው፤ ምን ልበላቸው?”

ዓሦቹን ጓሮ ቀበርናቸው። በማግስቱ ደግሞ “ጽዱ ቤት” የሚል ማኅተም ያለበት ምስክር ወረቀት ላኩልኝ። ባዶው ገንዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የሚገባው ሰው እሱን ያነብና ጁሱን ጨልጦ ይወጣል።

ካሳ አልጠይቅዎትም። የምለምንዎ፣ ወደ ሌላ ሰው ቤት ሲገቡ ጠርሙሱን ከመክፈትዎ በፊት “ይህ ምንድን ነው?” ብለው እንዲጠይቁ ብቻ ነው። እኔና ውዴ ገንዳውን ደጋግመን አጥበን አዲስ ተክል አዝዘናል። መምህር ተስፋነህም ይመጣል፤ ካልተከለከለ በስተቀር።

የሥልጣን ዘመንዎ እንደ ገንዳዬ የጠራ፣ ቢሮዎም እንደ ገንዳዬ ጸጥ ያለ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ፍቅርአዲስ ሙላቴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚቴዎ በቀበሌው ግቢ ያስመረቀው ሰው ሠራሽ ፏፏቴ ሰሞኑን እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል። ትናንትም አንድ ባልደረባዎ መጥቶ “ምን ይሻለዋል? ብለህ ጠይቃት ተብዬ ነው” አለኝ። ሣሩ ላይ የበተናችሁት ማዳበሪያ በዝናብ እየታጠበ ይገባበታል፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ያርፍበታል፤ ምግቡን ከአልጌው የሚሻማ አንድም ተክል የለበትም። በሽታው ይኸው ነው። በረኪናውን ግን አደራ፤ ወፎች ይጠጡበታል።